አየር በሌለበት ዝቃጭ ውስጥ የሚዋኙት ነዋሪ ናቸው ወይስ መንገደኛ?

የዝቃጭ ላብ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምሠራው አንድ ግቢ ውስጥ ባለ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ የሚገባው አየር ወደማይደርስበት ታንከር ነው። ከታች ይገባል። የዝቃጩን ንጣፍ እያቋረጠ ወደ ላይ ይወጣል። ጋዙ ከላይ ለብቻው ይሰበሰባል፤ ውሃው ወደ ቀጣዩ ገንዳ ያልፋል። ዩኤኤስቢ የሚባለው ዓይነት ነው። ቃሊቲ ያለው ትልቁ ጣቢያም ፍሳሹን መጀመሪያ የሚያሳልፈው በዚሁ ዓይነት ታንከር ነው።

የዘወትር ሥራዬ ፒኤች፣ ሲኦዲ (የቆሻሻውን ብዛት የሚያሳይ ልኬት) እና ጠጣር መለካት ነው። ማይክሮስኮፕ አለን፤ ግን አቧራ ለብሶ ነው የኖረው። ባለፈው ሳምንት ከታንከሩ ወገብ ካለችው የናሙና ቧንቧ ትንሽ ዝቃጭ ቀዳሁና አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አደረግሁ። የጠበቅሁት ጥቁር ብናኝና ባክቴሪያ ነበር። እሱማ ሞልቷል። ግን በብናኙ መሃል አንድ ትልቅ ነገር እየተሽከረከረ አለፈ። ባክቴሪያዎቹ ከአጠገቡ ነጠብጣብ ናቸው። ሰውነቱ ተጠምዝዞ የተጨመቀ ጨርቅ ይመስላል። ፊቱ ጉብ ብሎ ወደ አንድ ጎን ዞሯል። ዙሪያውን ፀጉር የመሰለ ነገር ይርገበገባል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ይወስደዋል። ሌሎችም ነበሩ፤ ከሱ በጣም ያነሱ፣ ከኋላቸው አንዲት ረጅም ፀጉር የሚጎትቱ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትልቁ ቀዘቀዘ። አንድ ቦታ ላይ ዞረ፣ አበጠ፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ ፈነዳ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። "መንገደኛ ነው፤ ከሚገባው ፍሳሽ ጋር የመጣ። ኦክስጅን በሌለበት ከባክቴሪያ በቀር ማን ይኖራል?" አለኝ። እኔም ትምህርት ቤት የተማርኩት እንደዚያው ነው። ግን መንገደኛ ከሆነ እንዴት እንደዚያ ደልቶት ይዋኛል? ደግሞስ ለምን አየር ሲያገኝ ሞተ? የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

ማይክሮ መምህር

እህቴ፣ እንኳን አየሽው! እንደ ገለጻሽ ከሆነ ትልቁ ሜቶፐስ ነው። የተጠመዘዘ ሰውነቱና ወደ ጎን የዞረ ጉብታው መታወቂያው ነው። ትንንሾቹ ባለ አንድ ረጅም ፀጉር ደግሞ ትሪሚየማ ይመስሉኛል። ሁለቱም ሲሊየት ከሚባለው ወገን ናቸው። የሚርገበገበው ፀጉር ሲሊያ ነው፤ ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው።

ዋናው ጥያቄሽ ግን "እንዴት ይኖራሉ" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ደስ ከሚሉኝ ነገሮች አንዱ ስለሆነ።

ባክቴሪያ ኒውክሊየስ የላትም። እኛ፣ በሬ፣ ጤፍ፣ የጠላ እርሾ፣ እና ያ ያየሽው ፍጡር ሁላችንም ኒውክሊየስ ካላቸው ወገን ነን፤ ዩካርዮት እንባላለን። የኛ ህዋስ ኃይል የሚያመርተው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው፤ ለዚያም ኦክስጅን ይፈልጋል። ሜቶፐስ ግን ኦክስጅን የሚጠቀም ማይቶኮንድሪያ የለውም። በምትኩ ሃይድሮጅኖሶም የሚባል ክፍል አለው። ይህ ክፍል መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሊንድማርክ እና ሙለር የተባሉ ተመራማሪዎች ላም በሚያስወርድ አንድ ጥገኛ ፍጡር ውስጥ አገኙት። ሃይድሮጅኖሶም ከስኳር ፍርፋሪ ላይ ጥቂት ኃይል ይወስዳል፤ የተረፈውን አሴቴት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና ሃይድሮጅን አድርጎ ይጥላል።

ይህ ክፍል ከየት መጣ? ከማይቶኮንድሪያ ነው። ማስረጃው የተገኘው በረሮ ሆድ ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖር ኒክቶቴረስ የሚባል ሲሊየት አለ። የሱ ሃይድሮጅኖሶም የራሱን ዲኤንኤ አሁንም ይዟል፤ ዲኤንኤው ደግሞ የማይቶኮንድሪያ ዘመድ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። እንግዲህ ቅድመ አያቶቹ አየር ይተነፍሱ ነበር። ኋላ አየር ወደሌለበት ገቡ፤ ማሽኑንም ለአዲሱ ቦታ ቀየሩት።

ሃይድሮጅኑ ሲጠራቀም ግን ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የሚያነሳለት ይፈልጋል። ያ አንሺ ያለው እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ነው። ሚቴን የሚሠሩ አርኬያዎች፣ ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን ሌላ ወገን የሆኑ፣ ከሃይድሮጅኖሶሙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ይኖራሉ። 4 ሃይድሮጅን ከ1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ወስደው ሚቴን ያደርጉታል። በአንድ ትልቅ ሜቶፐስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ ሁለቱም በታንከርሽ ውስጥ!

የደሴ ላብ

እኔ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሰገራ ሳላይ የምውልበት ቀን ብዙ ነው። መምህር ያሉትን ሳነብ ጃርዲያ ትዝ አለኝ። በየቀኑ "ጃርዲያ ተገኝቷል"፣ "አሜባ ተገኝቷል" ብለን እንጽፋለን። እነሱም አየር በሌለበት አንጀት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ታዲያ ያችው ጃርዲያ ናት ታንከሩ ውስጥ የምትዋኘው?

ማይክሮ መምህር (ለደሴ ላብ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጃርዲያ በርቀት ዘመዳቸው ናት ማለት ይቻላል፤ ኦክስጅን የሚተነፍስ ማይቶኮንድሪያ የላትም፤ የቀራት ማይቶሶም የሚባል ትንሽ ቅሪት ነው። አሜባችንም እንደዚያው። ግን ቤታቸው አንጀት ነው። ታንከር ውስጥ የሚገቡት ሲስት ሆነው ነው፤ ተጠቅልለው፣ ተኝተው። እዚያ አይበሉም፣ አይባዙም። የእህታችን አለቃ "መንገደኛ" ያሉት ለነሱ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ።

ነዋሪዎቹ ሌሎች ናቸው፦ ሜቶፐስ፣ ትሪሚየማ፣ ደወል መሳዩ ካይኖሞርፋ፣ አንዳንድ የሳይክሊዲየም ዓይነቶች። በጅራፍ መሰል ክር ከሚዋኙት ከባለ ጅራፎቹ ደግሞ ትሬፖሞናስ። ትሬፖሞናስ የጃርዲያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ግን ማንንም ሳያሳምም የቆሸሸ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ እየበላ ይኖራል።

ጥርጣሬ አለኝ

ሰላም። ዘርፉ ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየሁ ኢንጂነር ነኝ። ውይይቱ ደስ ይላል፤ ግን ከሥራው አንጻር አንድ ነገር ልበል።

አየር በሚነፋበት ታንከር ማይክሮስኮፕ መጠቀም ጥቅሙ የታወቀ ነው። ቮርቲሴላ የሚባለውን ሲሊየት ካየሁ ዝቃጩ ጤነኛ ነው እላለሁ። ባለ ጅራፍ ብቻ ከበዛ ችግር አለ እላለሁ። ይህ በደንብ የተጠና ነው። አየር በሌለበት ታንከር ግን ሥራውን የሚሠሩት ባክቴሪያና አርኬያ ናቸው። እኔ የማየው ቮላታይል አሲድ፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) እና የጋዝ መጠን ነው። አሲዱ ከጨመረ መመገቡን እቀንሳለሁ። ሲሊየት ቢኖር ባይኖር ምን እቀይራለሁ?

ሌላው፣ ዲኤንኤ መርምረው "እዚህ ታንከር ውስጥ ይህን ያህል ዓይነት ዩካርዮት አለ" የሚሉ ጽሑፎች አያለሁ። በፍሳሽ ውስጥ የቲማቲም ዲኤንኤም አለ፣ የሰውም አለ፣ የዝንብም አለ። ታዲያ ቲማቲሙ ታንከር ውስጥ ይኖራል ልንል ነው?

ከዴልፍት

ሰላም ወገኖች። እዚህ ኔዘርላንድስ የውሃ ትምህርት ላይ ነኝ። ዩኤኤስቢ ራሱ የዚህ አገር ልጅ ነው። ዋገኒንገን ላይ ጋትዘ ሌቲንጋ እና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ የሠሩት ነው። ከዚያ ሞቃት አገሮች ወሰዱት፤ ኮሎምቢያ፣ ብራዚል፣ ሕንድ። ያለ ነፋሻ ሞተር፣ ያለ ብዙ መብራት መሥራቱ ነው ያስወደደው።

ጥርጣሬ አለኝ፣ የቲማቲሙ ነገር እውነት ነው። ዲኤንኤ ብቻውን ነዋሪና መንገደኛን አይለይም። ስለዚህ ነው በጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጂኑን ከማንበብ አልፈው ህዋሱን ራሱን በሚያበራ ምልክት ቀብተው እዚያው ዝቃጩ ውስጥ የፈለጉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ነው። ከሲሊየት ሌላ ስማቸው እንኳን በደንብ ያልወጣላቸው የፈንገስ ወገኖችም አሉበት። ኤልኬኤም11 በሚል ኮድ ነው የሚጠሩት። ላብራቶሪ ውስጥ ለብቻቸው ሊያሳድጓቸው ስላልቻሉ ምን እንደሚበሉ እንኳን ገና እየተጠና ነው።

"ምን እቀይራለሁ" ላልከው ደግሞ፦ አንተው የጠቀስከውን የአየር ታንከር እንውሰድ። እዚያም ድሮ "ሲሊየት ምን ይሠራል" ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዝ ውስጥ ኮሊን ከርድስና ጓደኞቹ ሲሊየት የሌለበት ዝቃጭ ሠርተው ሞከሩ። የሚወጣው ውሃ ደፈረሰ፤ ባክቴሪያ ተንሳፍፎበት። ሲሊየቶቹን ሲጨምሩ ጠራ። የሚበሉት እነዚያን በነጻ የሚንሳፈፉ ባክቴሪያዎች ነው። አየር በሌለበት ታንከርም በሕንድ ኬረላ ያሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ሲሊየት ባለበት ሪአክተር የሚንሳፈፈው ጠጣር ይቀንሳል፤ ሚቴንም ይሻላል።

ግን አቅማቸውን አናጋንን። አየር በሌለበት ከምግብ የሚገኘው ኃይል ትንሽ ነው። ኦክስጅን የሚተነፍስ ሲሊየት ከሚበላው 40 በመቶ ያህሉን ወደ ራሱ አካል ይለውጣል፤ አየር በሌለበት የሚኖረው 10 በመቶ ገደማ ነው። ፌንሼልና ፊንሌይ የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው ይህን ለዓመታት የለኩት። ስለዚህ እነዚህ ፍጡራን ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ ቁጥራቸውም አነስተኛ ነው። እነዚሁ ሰዎች በሰውነቱ ውስጥ ያሉትን ሚቴን ሠሪዎች በኬሚካል ሲያስቆሙ አንዳንዱ ሲሊየት የማደግ ፍጥነቱ በሩብ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ወርዷል። እንግዳው ቤቱን ያግዛል ማለት ነው።

እህቴ፣ ላንቺ ደግሞ ነዋሪ መሆኑን የማረጋገጫ ዘዴዎች ልስጥሽ፦

አንደኛ፣ ፍሳሹ ከመግባቱ በፊት፣ ከታንከሩ ወገብ፣ እና ከመውጫው በአንድ ሰዓት ናሙና ውሰጂ። መንገደኛ ከሆነ መግቢያው ላይም ይኖራል።

ሁለተኛ፣ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙዪው። አየር አይቅር። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው። ስላይዱ ላይ ከቨር ስሊፑን ስታስቀምጪ ጠርዙን ዙሪያውን በቫዝሊን ዝጊው። ያኔ ሩብ ሰዓት ሳይሆን ብዙ ሰዓት ይቆይልሻል። ያ የፈነዳብሽ ከላይ አየር ስለገባበት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ለሁለት ሲከፈል የተያዘ ካገኘሽ ነገሩ አበቃ። መንገደኛ እዚያ አይወልድም።

ይህን አስቢው፦ ውሃው ታንከርሽ ውስጥ የሚቆየው ምናልባት 8 ሰዓት ቢሆን ነው። ሲሊየቱ ለመባዛት ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ቢኖር ተጠርጎ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የሚኖረው ዝቃጩ ውስጥ ተሸጉጦ ነው። ከወገቡ መቅዳትሽ ጥሩ ነው፤ ከዝቅተኛዋ ቧንቧም ካለ ሞክሪ።

አራተኛው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ካገኘሽ ነው። ሚቴን ሠሪዎቹ ኤፍ420 የሚባል ነገር በውስጣቸው አለ። 420 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ሲመታቸው ሰማያዊ አረንጓዴ ሆነው ይበራሉ። ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ግን ቶሎ ይደበዝዛል፤ ፈጥነሽ እዪ።

ጥርጣሬ አለኝ

እሺ። የ8 ሰዓቱ ነገር አሳምኖኛል። በዚያ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። ውጤቱን ግን ልየው።

የአቃቂ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ያደግሁት አቃቂ ነው። በወንዙ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ስንበላ ነው ያደግነው። እናቴ ጎመኑን ሦስቴ ታጥበዋለች፤ አሁንም። የማጣሪያው ውሃ ወደ ወንዙ እንደሚገባ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህ አየር የሌለው ታንከር እነዚያን መጥፎዎቹን ይገድላቸዋል ወይ? አሜባውን፣ ጃርዲያውን፣ የወስፋቱን እንቁላል?

የደሴ ላብ

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስላነሳህ አመሰግናለሁ። እውነቱን ልንገርህ፦ አይገድላቸውም። ሁሉንም በአንድ ላይ አንየው ግን።

የወስፋት እንቁላል በዓይን አይታይም፤ 50 ወይም 60 ማይክሮን ቢሆን ነው። ግን ከጃርዲያ ጋር ሲተያይ ግዙፍ ነው፤ ከባድም ነው። ስለዚህ ከዝቃጩ ጋር ወደ ታች ይሰጥማል፤ ጥቂቱ ብቻ ከውሃው ጋር ይወጣል። የጃርዲያ ሲስት 10 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ሌላው የአንጀት ጥገኛ ደግሞ ከ6 አይበልጥም። እነዚህ ቀላል ስለሆኑ ብዙዎቹ ከውሃው ጋር ያልፋሉ።

የሰጠመው እንቁላል ሞቷል ማለት አይደለም። ቅርፊቱ እጅግ ጠንካራ ነው። 35 ዲግሪ ላይ በሚሠራ ታንከር ውስጥ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። 55 ዲግሪ ላይ ግን በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የኛ አገር ታንከሮች ግን የሚሠሩት በአካባቢው ሙቀት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቀዝቃዛ ናት። ስለዚህ አደጋው ከውሃው ወደ ዝቃጩ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ዝቃጩን ማድረቂያ አልጋ ላይ ብዙ ወራት ማቆየት፣ ወይም በደንብ የሚሞቅ ኮምፖስት ማድረግ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 መመሪያው ለመስኖ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በ1 ሊትር ከ1 የትል እንቁላል እንዳይበልጥ ነው። በውሃው ላይ ያን ለማሟላት ከታንከሩ በኋላ ገንዳ ወይም ማጣሪያ መኖር አለበት።

እናትህ ልክ ናቸው። በሚፈስ ንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ጎመኑን ደግሞ አብስሎ መብላት። ሰላጣ ጥሬውን ስለሚበላ እኔ የምፈራው እሱን ነው።

ጋሽ ባዮጋዝ

ልጆች፣ ከብዙ ዓመት በፊት የባዮጋዝ ጉድጓድ ግንባታ ተምሬ ገጠር ለገጠር ስዞር ኖሬያለሁ። አሁን አርፌያለሁ። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ላክል።

እኛ ጉድጓዱን ሠርተን ስንጨርስ መጀመሪያ የምንሞላው በትኩስ የከብት እበት ነው። ገበሬው "ለምን ደረቁ አይሆንም?" ይላል። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር፤ "ሕይወት ስላለው ነው" እል ነበር። ለካ እውነት ኖሯል። ሌላው ገበሬውን ያሳሰበው የሽንት ቤቱ ነገር ነው። ሽንት ቤቱን ከጉድጓዱ ጋር ማገናኘት ጋዝ ይጨምራል፤ ብዙ ቤትም ተገናኝቷል። አሁን የደሴዋ ልጅ ያለችው ስለ ወስፋት እንቁላል ከሆነ፣ ሽንት ቤቱን ያገናኘ ሰው ከጉድጓዱ የወጣውን ባዮስለሪ፣ ማለትም ጋዙ ከወጣ በኋላ የቀረውን ፈሳሽ ዝቃጭ፣ በቀጥታ ጓሮ አትክልት ላይ ማፍሰስ የለበትም ማለት ነው። ልክ ነኝ?

የደሴ ላብ (ለጋሽ ባዮጋዝ)

ልክ ነዎት ጋሼ። ጉድጓድ ቆፍሮ ከገለባ ጋር ኮምፖስት አድርጎ በደንብ አሙቆ ቢጠቀሙበት ይሻላል። ለበቆሎና ለማሽላ አደጋው ያነሰ ነው፤ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ግን አይሆንም። በነገራችን ላይ እኔ ወንድ ነኝ፤ ምንም አይደለም ጋሼ።

ማይክሮ መምህር (ለጋሽ ባዮጋዝ)

ጋሼ፣ የትኩስ እበቱን ነገር ስላነሱት ደስ ብሎኛል። ሚቴን ሠሪዎቹ ከላሟ ሆድ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው። ላሟ ሆድ ውስጥ ግን ሌላም ነዋሪ አለ። የሲሊየት መዓት አለ። ፈንገስም አለ፤ አየር የማይፈልግ ፈንገስ።

የዚህ ፈንገስ ታሪክ ይገርማል። ፈንገስ ሁሉ አየር ይፈልጋል ተብሎ ስለታመነ፣ በበግ ሆድ ውስጥ የሚዋኙትን ባለ ጅራፍ ነጠብጣቦች ሰዎች ለዓመታት እንስሳ መሰል ፍጡር ናቸው ብለው መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮሊን ኦርፒን የተባለ እንግሊዛዊ ነጠብጣቦቹ የፈንገስ ዘር መሆናቸውን አሳየ። ሣሩ ላይ ያርፋሉ፣ ሥር ይሰዳሉ፣ ገለባውን ሰርስረው ይሰነጥቁታል። ኒዮካሊማስቲክስ ነው ስሙ። በዓይናቸው ሥር እየዋኘ "እንዲህ ያለ ነገር የለም" ስለተባለ ብቻ ሳይታይ ኖረ። የእህታችን ታሪክ ከዚህ ጋር አይመሳሰልም?

ግን በጉድጓድዎ ውስጥ ይኑር ወይ ቢሉኝ፣ አይቆይም። የለመደው የላሟን 39 ዲግሪ ሙቀት ነው። የገጠር ጉድጓድ ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። ተመራማሪዎች ገለባ የሚፈጭላቸው ብለው ወደ ሪአክተር ጨምረውት ነበር፤ ለጊዜው ይረዳል፣ ቀስ በቀስ ግን ይጠፋል።

ጋሽ ባዮጋዝ

የደሴው ልጅ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያገናኙ ቤቶችን ስልክ ስላለኝ ነገ እደውላለሁ።

የዝቃጭ ላብ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ያላችሁኝን አደረግሁ።

መግቢያው ላይ በ4 ቀን ናሙና አንድም ሜቶፐስ አላገኘሁም። ባለ ጅራፎች ነበሩ፣ አየር ወዳድ የሚመስሉ ሲሊየቶችም ነበሩ። ወገቡ ላይ ግን ሁልጊዜ አለ። የታችኛዋ ቧንቧ ላይ ይበልጥ አለ፤ አንድ ጠብታ ውስጥ ሦስት አራት ሆነው ያየሁበት ቀን አለ። መውጫው ላይ አልፎ አልፎ አንድ። የዴልፍቱ ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ዝቃጩ ውስጥ ነው የሚሸጎጡት። ጥቁሩ የዝቃጭ እንክብል ዙሪያ ይዞራሉ፣ ጠርዙን ይልሱታል፣ ይመለሳሉ።

ቫዝሊኑ ሠራ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዘጋሁት ስላይድ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ገና ይዋኝ ነበር። ያልዘጋሁት አጠገቡ ያለው ቀድሞ ሞቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው ያሳየሁት።

የሚከፈል ያገኘሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ሁለት ተጣብቀው የሚዋኙ መስለውኝ ነበር። ወገቡ ላይ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ እንደ ክር ሆነ። አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ጎተተ፤ ተበጠሰ። እስትንፋሴን ይዤ ነው ያየሁት።

ፍሎረሰንሱን ያገኘሁት ሌላ ቦታ የምትሠራ ጓደኛ ስላለችኝ ነው። ናሙናውን እስከ አፉ ሞልቼ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ታክሲ ላይ ይዤው ሄድኩ። ክፍሉን አጨለምን። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ጓደኛዬ ማጣሪያውን ቀየረችው። ሜቶፐሱ ራሱ ጠፋ፤ በቦታው የሰማያዊ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ጉባኤ እየተሽከረከረ በጨለማው ውስጥ አለፈ። የሰውነቱን ቅርጽ ያወቅሁት ከነሱ ነው። እየደበዘዘ ሄደና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ጥርጣሬ አለኝ

ጎበዝ። ሥራ ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ቃሌን ልጠብቅ። ከዚህ በኋላ ይህን አድርጊ፦ ሲኦዲ በምትለኪበት ቀን ሁሉ ከአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ሰዓት፣ እኩል መጠን ወስደሽ ቁጠሪ። አጠገቡ አሲዱን፣ አልካሊኒቲውን፣ የጋዙን መጠን፣ የውሃውን ሙቀት ጻፊ። በተለይ ክረምት ሲገባ ተከታተይ። ዝናብ ሲበዛ ፍሳሹ ይቀጥናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ኦክስጅንም ይዞ ይገባል። የኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከአሲዱ በፊት ሲሊየቶቹ ይቀንሳሉ ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ እኔም ማይክሮስኮፕ እገዛለሁ።

ከዴልፍት

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ልጨምር፦ ቁጥሩ ድንገት ዜሮ ቢሆን አትደንግጪ። ሜቶፐስ ሲከፋበት ሲስት ሆኖ ራሱን ይዘጋል። የከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንኳን እንደዚያ ሆኖ ተገኝቷል። ክብ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው ነገር ካየሽ ለብቻው ቁጠሪው።

የዝቃጭ ላብ

እሺ፣ ሁለቱንም እቆጥራለሁ። መዝገቡ ላይ ከ"ጋዝ" ቀጥሎ ሁለት አዲስ ዓምድ ከፍቻለሁ፤ "ሜቶፐስ ዋኝ" እና "ሜቶፐስ ሲስት"።

አለቃዬን ደግሞ ትናንት ጠራሁት። የተዘጋውን ስላይድ አስቀመጥኩለት። ጎንበስ ብሎ ረጅም ሰዓት አየ። ምንም አላለም። ቀና ሲል "ይሄ ማይክሮስኮፕ እዚህ ጥግ ላይ ምን ይሠራል?" አለና ራሱ አንስቶ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አደረገው። ዛሬ ጠዋት ስገባ ደግሞ ሶኬት የሚስብ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ጠበቀኝ።